ጥርስ ያለው መረገጫ

የመጨረሻው ቡሎን አልላቀቅ ብሏል። ሒክማ ከአይሱዙው ሥር በጀርባዋ ተኝታ፣ ቁልፉን በሁለት እጇ ጨብጣ፣ አንድ እግሯን ጎማው ላይ ተክላ ትጎትታለች። ዝገቱ እየተፈረፈረ ግንባሯ ላይ ይረግፋል። አፏን ብትከፍት ስለሚገባባት የምትሳደበው በሆዷ ነው። ድንገት ቡሎኑ ሲጥ ብሎ ዞረና አሮጌው መረገጫ ከነደረቀ ጭቃው መሬት ላይ ዘጭ አለ።

"ወጣልሽ?" አሉ አባቷ ሙሐዲን፣ ከብየዳ ቤቱ በር ሥር በርጩማቸው ላይ እንደተቀመጡ።

"ወጣ። ግማሹ እንኳ ድሮም ወጥቶ አምባሰል ቀርቷል።"

እውነቷን ነው። የሙነወር አይሱዙ ግራና ቀኝ ረዣዥም መረገጫዎች አሉት፤ ከጋቢናው በር ሥር ተነሥተው እስከ ኋላ ጎማ የሚደርሱ፣ ሰው በእነሱ ላይ ቆሞ ወደ ጋቢናም ወደ ጭነቱም የሚወጣባቸው። የግራውን የአምባሰል ድንጋይ ገንጥሎታል። የቀኙን ዝገት በልቶ ወንፊት አድርጎታል። ሙነወር ደግሞ በማግስቱ ማለዳ የግሸን ማርያምን መንገደኞች ማሳፈር አለበት።

ይህ ለሙነወር ቀላል ጉዳይ አይደለም። እሱም አባቱም ሙስሊሞች ናቸው፤ ግን የመስከረሙ ንግሥ በደረሰ ቁጥር የሐይቅ ከተማን ክርስቲያኖች እስከ ተራራው ሥር የሚያደርሰው የእነሱ ቤት መኪና ነው። በሌላው ጊዜ እህልና ሲሚንቶ የሚጭነው አይሱዙ ያን ቀን ይታጠባል። ሙነወርም የኢድ ሸሚዙን ለብሶ መሪው ላይ ይቀመጣል። እና አምና፣ በዚሁ ቀን፣ እማማ የሺሀረግ ከዚሁ መረገጫ ላይ በጭቃ ተንሸራትተው ወደቁ። ከመንገደኞቹ ሽማግሌዎች ሁሉ አንጋፋዋ፣ የሙነወር አባት "የጋቢናዋ እመቤት" የሚላቸው ሴትዮ፣ በሙነወር መኪና ላይ ጉልበታቸው ተጎዳ። ሙነወር ዓመቱን ሙሉ በእሳቸው ደጃፍ ያለፈው አንገቱን እየደፋ ነው።

"ጋሼ ሙሐዲን፣ አደራዎን" አለ እጆቹን ወደ ኋላው አጣምሮ። "ሌላ ነገር አልፈልግም። የማያንሸራትት ይሁንልኝ። ዘንድሮ ሰው ከወደቀብኝ መኪናውን ሸጬ ዶሮ ነው የማረባው።"

ሙሐዲን ራሳቸውን ነቀነቁ። ዓይናቸውን የብየዳ እሳት ከጨረሰባቸው ቆይቷል። አሁን የሚያዩት ጥላና ብርሃን ብቻ ነው። የብየዳውን ዘንግ የያዘችው፣ ብረቱን የምትቆርጠው፣ የምትለካው ሒክማ ናት። ይህን የሐይቅ ሰው ሁሉ ያውቃል። ግን ደንበኛ ሲመጣ የሚያወራው ለሙሐዲን ነው፣ የሚመልሱት ሙሐዲን ናቸው፣ የሚመሰገኑትም ሙሐዲን። ሒክማ በመሃል እንደ ማሽኑ ተቆጥራ ትቆማለች። መጀመሪያ መጀመሪያ ግድ አልነበራትም። አሁን አሁን ግን እንደ አጥንት ጉሮሮዋ ላይ ቆሞባታል።

ከመኪናው ሥር ወጥታ ጋዋኗን አራገፈች።

"ጋሼ ሙነወር፣ ለእኔ ይንገሩኝ። የምሠራው እኔ ነኝ።"

ሙነወር ወደ ሙሐዲን ተመለከተ።

"እ... እሺ" አለ ሙነወር። "የማያንሸራትት።"

"እሱን ሰማሁ። ነገ ጠዋት ፍየል በጭቃ ሰኮናዋ ብትወጣበት የማትንሸራተትበት መረገጫ ይዘው ይሄዳሉ። ሰው ከወደቀ ዶሮዎቹን እኔ እጠብቅልዎታለሁ።"

ከመንገዱ ማዶ፣ ሻይ ቤቱ በር ላይ፣ ሽታው የሚባል ሌላ የአይሱዙ ሾፌር ብርጭቆውን ይዞ ይስቅ ነበር። ሽታው ገበያተኛ የሚያመላልስ፣ ሆዱ ከመሪው ጋር የሚጣላ፣ አፉ የማያርፍ ሰው ነው።

"ሙነወር!" ብሎ ጮኸ። "መረገጫ ነው ወይስ የማድ ቤት መደርደሪያ የምታሠራው?"

"መደርደሪያም እሠራለሁ!" አለችው ሒክማ። "ያንተን ሆድ የሚችል ግን ገና አልሠራሁም!"

ሻይ ቤቱ በሙሉ ሳቀ። ሽታውም አብሮ ሳቀ፤ ሐይቅ ውስጥ በተረብ የሚቀየም ሰው ሻይ ቤት ባይመጣ ይሻለዋል።

ሒክማ ቀኑን ሙሉ ሠራች። አንግል ብረቱን ቆርጣ ከሻንሲው ጋር የሚታሰርበትን ክንድ አበጀች። አሮጌው ክንድ ወደ ውጭ ብዙ ወጥቶ ስለነበር ነው ድንጋይ ያገኘው፤ እሷ ወደ ውስጥ ሰበሰበችው፣ ከፍም አደረገችው። በላዩ ወፍራም ላሜራ አጋደመች። ውኃና ጭቃ እንዳይተኛበት ላሜራውን ዳር ዳሩን በሳሳችው። ከዚያ የራሷ ወደሆነው ነገር መጣች። የኤሌክትሮዱን ጫፍ ላሜራው ላይ እያስነካች፣ ቶሎ እያነሣች፣ በእያንዳንዱ ንክኪ አንድ የቀለጠ ብረት ጠብታ ትታ ሄደች። ጠብታው ሲረጋ ጫፉ ሹል ይሆናል። ጠብታ ከጠብታ አጠገብ፣ ረድፍ ከረድፍ ጎን፣ ላሜራው ከጫፍ እስከ ጫፍ ጥርስ አወጣ።

ሙሐዲን ዓይናቸውን ጨፍነው ያዳምጣሉ። ጥሩ ብየዳ ዘይት ላይ እንደወደቀ ሽንኩርት ያለ ድምፅ አለው፤ መጥፎው ይንጣጣል። አንዱ ረድፍ ሲያልቅ፣

"እጅሽ አልደከመም?" አሉ።

"ቢደክምስ? ልተወው?"

"አይ። እንዲያው ድምፁ አልሰለቸኝም ለማለት ነው።"

ለሙሐዲን ይህ ትልቅ ነገር ነው። ሒክማ ጭንብሏን ሳታነሣ ከውስጡ ፈገግ አለች።

አስር ሰዓት ሲሆን ሁለቱም መረገጫዎች ታስረው፣ ጥቁር ቀለም ተቀብተው አለቁ። ሙሐዲን በዘንጋቸው መንገድ እየፈለጉ መጥተው መዳፋቸውን ላሜራው ላይ አሻሹት። እንደ ቆዳ የደረቀው መዳፋቸው ብረቱ ላይ ኮሽ ኮሽ አለ።

"ጥርስ አለው!" አሉ፤ ፊታቸው በራ። "ማሻአላህ! ይሄ እኮ ይነክሳል!"

ሒክማ ጫማዋን በመንገዱ ዳር ቦይ ጭቃ ለቅልቃ ወጣችበት፤ ዘለለችበት፤ ምንም አልሆነችም። ሙነወርን "ይሞክሩት" አለችው። ሙነወር ባለ ጠንካራ ሶል ጫማውን ውኃ አርከፍክፎ ወጣና ወዲያና ወዲህ ተራመደበት። እንደ ሕፃን ደስ አለው። ማዶ ያለው ሽታው እንኳ መሳቁን ትቶ ሻዩን ጠጣ።

ያን ዕለት ሒክማ ወደ ቤቷ ስትሄድ መንገዱ ሁሉ የእሷ መሰላት። ኩራት ነው፤ ሌላ ስም የለውም። አባቷ ሳይነኩት፣ አባቷ ሳይመሩት፣ ከሐሳቡ እስከ ቀለሙ የእሷ የሆነ ሥራ ነገ በሕዝብ ፊት ይወጣል።

በማግስቱ ማለዳ ከሐይቁ የመጣው ጉም ገና አልተገፈፈም። መንገደኞቹ ብየዳ ቤቱ ፊት ለፊት ተሰብስበዋል፤ ነጠላ ለብሰው፣ ስንቃቸውን ቋጥረው፣ ጃንጥላቸውን ይዘው። መብራት ከሌሊት ጀምሮ የለም። ሙነወር የኢድ ሸሚዙን ለብሶ በመኪናው ዙሪያ ይሽከረከራል። መጀመሪያ የሚሳፈሩት እንደ ልማዱ እማማ የሺሀረግ ናቸው።

"ይምጡ እማማ፣ የጋቢናዋ እመቤት!" አለ ሙነወር፣ ሕዝቡ እንዲሰማው ድምፁን ከፍ አድርጎ። "ዘንድሮ አዲስ መረገጫ ነው ያሠራሁልዎት። ይርገጡት እስቲ!"

እማማ የሺሀረግ ቀሚሳቸውን ሰብሰብ አድርገው፣ የበሩን እጀታ ይዘው፣ እግራቸውን አነሡ። ላሜራው ላይ አሳረፉት። ወዲያው መለሱት።

"ውይ! ምንድን ነው ይሄ? ነከሰኝ እኮ!"

ሰዉ ሳቀ። ሒክማ ግን አልሳቀችም። ዓይኗ የእማማ የሺሀረግ እግር ላይ ነበር። እግራቸው ባዶ ነው።

"እማማ፣ ጫማዎትስ?" አለች።

"ጫማማ ቤቴ ነው ሆዴ። አምና ከዚህ መኪና ወድቄ ጉልበቴ እንቢ ሲለኝ ተሳልኩ። 'እመቤቴ፣ ካሻርሽልኝ የዘንድሮን ከቤቴ ጀምሬ በባዶ እግሬ እመጣለሁ' አልኩ። ይኸው አሻረችኝ፤ ይኸው መጣሁ። ስእለቱን ያመጣብኝ የሙነወር መረገጫ፣ ስእለቱን የሚከለክለኝም የሙነወር መረገጫ!"

አሁን ሳቁ የበለጠ ሆነ። ሒክማ ግን ቁልቁል፣ በነጠላዎቹ ሥር ታያለች። ከቆሙት ሴቶች ግማሹ ባዶ እግራቸውን ናቸው። ወንዶችም አሉበት። ፊቷ ጋለ። ይህን አጥታው አይደለም። እዚሁ ሐይቅ ተወልዳ አድጋ፣ የግሸን ስእለተኛ በባዶ እግሩ ሲሄድ ከልጅነቷ ጀምሮ አይታለች። ግን ትናንት ቀኑን ሙሉ ስታስብ የነበረው ስለ ጭቃና ስለ ጫማ ነበር። ስትሞክረውም የሞከረችው በጫማ ነው።

"ምንም አይደል፣ ምንም አይደል!" አለ ሙነወር ተጣድፎ። ከጭነቱ ላይ ባዶ ጆንያ ጎትቶ አወረደ። "ጆንያ እናነጥፍበታለን። እማማ፣ በዚህ ላይ ይርገጡ። ቶሎ ቶሎ እንበል፣ ፀሐይ ሳትበረታ መድረስ አለብን።"

"ጆንያም ደግ ነው" አሉ እማማ የሺሀረግ። "እኔ ምን ቸገረኝ።"

"አይነጠፍም!" አለች ሒክማ።

ሁሉም ዞረው አዩዋት። እሷ ራሷ በድምፅዋ ደንግጣለች፤ ግን ወደ ኋላ አላለችም። ሄዳ ጆንያውን ከሙነወር እጅ ተቀበለች።

"ሒክማ፣ ሰው እኮ ቆሟል" አለ ሙነወር።

"አየሁ ጋሼ። ጆንያው ይንሸራተታል። እማማን አምና በጭቃ ነው የጣልናቸው፤ ዘንድሮ በጆንያ ልንጥላቸው ነው?" ትንፋሽ ወሰደች። "ደግሞም እኔ በሠራሁት ላይ ጆንያ አይነጠፍም። ቁርስ በልተው እስኪጨርሱ ይጠብቁኝ።"

ከሻይ ቤቱ በር ሽታው "ጾመኞች ናቸው፣ ቁርስ የላቸውም!" ብሎ ጮኸ።

"እንግዲያው ቶሎ እጨርሳለሁ!"

ከሰዉ መሃል ማጉረምረም ተነሣ። አንዱ "እንግዲህ ሴት ሠርታው..." ብሎ ጀመረ። እማማ የሺሀረግ ዞር ብለው አዩትና ቃሉን ሳይጨርስ ወደ ኋላ ሸሸት አለ። ከዚያ ድንጋይ ፈልገው ተቀመጡና በትራቸውን ጉልበታቸው ላይ አጋደሙ።

"ሥሪው ልጄ" አሉ። "እኔ ካልተሳፈርኩ ሙነወር የትም አይሄድም።"

ሒክማ ወደ ብየዳ ቤቱ ገባች። ማሽኑ መብራት ከሌለ ድንጋይ ነው፤ ጥርሱን ለመሞረድ ደግሞ ቀን ይፈጃል። ሞርዳ ብታለሳልሰውስ? ያው መንሸራተት ነው። በሩ ላይ ሙሐዲን ከበርጩማቸው ተነሥተው ቆመዋል።

"ጥፋቱ የእኔም ነው" አሉ ቀስ ብለው። "መስጊድ በር ላይ ጫማ ሲያወልቅ የኖረ ሰው፣ መዳፌ ሲነከስ ደስ አለኝ እንጂ ስለ እግር አላሰብኩም።"

"የሠራሁት እኔ ነኝ አባ። ጥፋቱንም አትውሰድብኝ።"

ይህን ስትል ቁጣ አልነበረባትም። ሙሐዲን ገባቸው።

ሒክማ ዙሪያዋን ታያለች። ብረት፣ ቱቦ፣ የበር ፍሬም፣ የመስኮት ፍርግርግ። ሁሉም ብረት ነው። ከዚያ በሩ ላይ የቆሙትን የአባቷን እግር አየች። ሙሐዲን ዛሬም ከጎማ የተቆረጠ በረባሶ ነው የሚያደርጉት። ልጆቻቸው የገዙላቸውን ጫማ ሳጥን ውስጥ አስቀምጠውታል። ሒክማ በረባሶውን አይታ ቆመች። ከዚያ ምንም ሳትናገር ወደ ጎረቤቱ ጎሚስታ ሮጠች።

ጎሚስታው ደጃፍ አሮጌ ጎማዎች ተቆልለዋል። አንድ በአንድ እየገለበጠች ጠርዛቸውን በጣቷ ዳሰሰች። ሽቦ ያለበት አይሆንም፤ ሽቦው ሲወጣ ከብረቱ የባሰ ይወጋል። ከሥር አንድ ሽቦ የሌለው የድሮ ጎማ አገኘች። መሬቱን የሚረግጠው ፊቱ ገና አላለቀም። እያንከባለለች አመጣችው።

"አባ፣ ያዝልኝ።"

ሙሐዲን በርጩማቸው ላይ ተቀምጠው ጎማውን በጉልበታቸው መሃል ወጠሩት። ሒክማ ትልቁን ቢላ ውኃ ውስጥ እየነከረች ትቆርጣለች። ቢላ ሲረጥብ ጎማ ይታዘዛል። ይህን ያስተማሯት እሳቸው ናቸው፤ እሳቸው በወጣትነታቸው ብየዳ ሳይማሩ በረባሶ ቆርጠው ይሸጡ ነበር። "ወደ እኔ... ወደ እኔ... አሁን ቀጥ አድርጊው" ይላሉ፣ ቢላዋ የት እንደደረሰች በጉልበታቸው እየተሰማቸው። መንገደኞቹ ቀስ በቀስ ከበቧቸው። ሲያጉረመርም የነበረው ሰውዬ ሳይጠራ መጥቶ የጎማውን ሌላ ጫፍ ያዘ።

ቁራጮቹን በላሜራው ላይ ዘረጋቻቸው፤ ሸካራው ፊት ወደ ላይ። ለውኃ መውረጃ የበሳችው ቀዳዳ አሁን ለቡሎን ሆነ። የቡሎኑን ራስ በጎማው ቦይ ውስጥ ቀበረችው፣ እግር እንዳያገኘው። ከሥር ዳዶውን ስታጠብቅ የትናንቱ ጥርስ ጎማውን ከታች ነክሶ ያዘው። ሒክማ ጎማውን በሁለት እጇ ጎተተችው። ወዲያ አይልም፣ ወዲህ አይልም። ያ ሁሉ ጠብታ ሥራ አልፈታም። የሚነክሰው ተቀየረ እንጂ።

ሁለቱንም ወገን ስትጨርስ ጉሙ ተገፎ ፀሐይ ወጥታ ነበር። ሒክማ የቦዩን ጭቃ በእጇ ዝቃ ጎማው ላይ ቀባችበት። ከዚያ ጫማዋን አወለቀች፤ ካልሲዋንም። በባዶ እግሯ ወጣችበት፣ ከጋቢናው እስከ ኋላ ጎማ ሄደች፣ ተመለሰች፣ ዘለለች። ወርዳ እግሯን ሳትጠርግ፣

"አሁን ይምጡ እማማ" አለች።

እማማ የሺሀረግ ተነሥተው መጡ። መጀመሪያ በአውራ ጣታቸው ሞከሩት። ከዚያ ሙሉ እግራቸውን አሳረፉ። ሁለተኛውን እግር አመጡ። መረገጫው ላይ በሁለት እግራቸው ቆመው፣ የበሩን እጀታ ለቀቁና እጃቸውን ዘርግተው ወደ ሰዉ ዞሩ።

"እኛ ጫማ ብናወልቅ መኪናው ጫማ አደረገልን!" አሉ፤ እልልታቸውን ለቀቁት። ሴቶቹ ተቀበሏቸው። "ልጄ፣ ማን አስተማረሽ?"

"እርስዎ ነዎት፣ አሁን ጠዋት" አለች ሒክማ።

"እንግዲያው ደህና አስተማሪ ነኝ።" ጎንበስ ብለው ግንባሯን ሳሙት፤ ዝገትና ጭቃ አላስጠላቸውም። "እጅሽ አይዛል። ለእመቤቴ ስምሽን ጠርቼ ነው የምነግራት። ማን ልበል?"

"ሒክማ ሙሐዲን።"

"ሒክማ" አሉ እማማ የሺሀረግ፣ እንዳይረሱት ደግመው። "ሒክማ በያጇ።"

አንድ በአንድ ተሳፈሩ። ባዶ እግሮች ጎማውን እየረገጡ ወጡ፣ ጫማ ያደረጉትም ወጡ፣ ማንም አልተንሸራተተም። ሙነወር መሪው ላይ ሆኖ በመስኮት አንገቱን አወጣ። የሚለው ብዙ ያለው ይመስል ነበር፤ ግን የኢድ ሸሚዙን ኮሌታ አስተካክሎ፣ "ሒክማ፣ ዶሮዎቹ ቀሩ!" ብቻ አለ። መዝሙሩ ተጀመረ። አይሱዙው ጡሩንባውን እየነፋ አስፋልቱን ያዘ።

ሒክማ መሃል መንገድ ላይ በባዶ እግሯ ቆማ ሸኘችው። ጥቁሩ መረገጫ በመኪናው ጎን፣ ከእነዚያ ሁሉ ነጠላዎች ሥር፣ ቀጥ ብሎ ይሄዳል። መኪናው ከመታጠፊያው እስኪሰወር ዓይኗን አልነቀለችም። ሥራዋ ትናንት ከነበረው በላይ ዛሬ አማራት። ትናንት የእሷ ብቻ ነበር።

ስትመለስ ሽታው ሻዩን ትቶ መንገዱን ተሻግሯል። በሙሐዲን በርጩማ ፊት ቆሞ፣ እንደ ልማዱ፣ ለእሳቸው ያወራል።

"ጋሼ ሙሐዲን፣ እንግዲህ ለእኔም መኪና አንድ ይሥሩልኛ። ልክ እንደ ሙነወር፤ ጎማውም ሳይቀር። ከሙነወር ማነስ አልፈልግም።"

ሒክማ ቆመች። ሙሐዲን ዘንጋቸውን መሬት ላይ አንዴ መታ አደረጉ። የማያዩትን ዓይናቸውን ወደ እግሯ ድምፅ መለሱ።

"ለእኔ ምን ትነግረኛለህ?" አሉ። "የሥራው ባለቤት ያቻትልህ። እኔ እዚህ ጎማ ያዥ ነኝ።"

ሽታው ወደ ሒክማ ዞረ። ሙሐዲን የቀለዱ መስሎት ትንሽ ጠበቀ። ማንም አልሳቀም። ጉሮሮውን ጠረገ።

"እሺ... ሒክማ። ልክ እንደ ሙነወር። መኪናው ያው፣ ልክም መውሰድ አያሻሽም።"

ሒክማ ሜትሩን ከጋዋኗ ኪስ አውጥታ ነበር። መልሳ ከተተችው። በርጩማ ጎትታ ከአባቷ ጎን ተቀመጠችና ለሽታውም አንዱን በእግሯ ገፋችለት።

"ልኩን በኋላ እወስዳለሁ" አለች። "መጀመሪያ ተቀመጥና ንገረኝ። አንተ መኪና ላይ የሚወጣው ማን ነው?"